በፊውዙ ቦታ የገባ ምስማር

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሾፌር ነው። ሚኒባሱን ከመንገድ ዳር አቁሞ፣ ከመሪው ስር ተንበርክኮ ፊውዝ ይቀይራል።»

ጋሽ ጓንጉል እንዲህ ብለው ሲጀምሩ ላቀው ግር አለው። እሱ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። የልጁ ሦስተኛ ሚስት ተቆጥታ ወላጆቿ ቤት ገብታለች፤ እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ እሷም አልመለስም ብላለች። ላቀው የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም እያለ ሲያማርር ቆየና፣ ምን ዓይነት ሴት ብትገባለት ነው የልጄ ቤት የሚጸናው ብሎ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። መልሱንም ይዞ ነበር የመጣው። ከወንዙ ማዶ አክስቷ ያሳደገቻት ልጅ አለች፤ እናት የላት፣ አባት የላት፣ ወንድም የላት። ተቆጥታ የምትሄድበት ደጅ የላትም። ጋሽ ጓንጉል ለሽምግልና ይሂዱለት።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ነው የሾፌሩን ወሬ ያነሱት። አነጋገራቸውን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ያን ጊዜውኑ ተነስቶ ይሄድ ነበር። ላቀው አላወቀም፤ እሳቸውም ሾፌሩን ቀጠሉ።

ያ ሾፌር ሚኒባሷን ለሰርግ ይከራዩልኛል ብሎ በጣራዋ ዙሪያ ቀይና አረንጓዴ መብራት ደርድሮባት ነበር። ባለሙያ አልጠራም። ገመዱን ራሱ ከኋላ መብራቱ ላይ ቀጠለና በበሩ ጠርዝ ጎትቶ አወጣው። ብረቱ ገመዱን ነክሶት ኖሯል። መኪናዋ ኮረኮንች ላይ በተንገጫገጨች ቁጥር የተላጠው ገመድ ብረቱን ይነካል፤ ገመዱ እንዳይነድ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠላል፤ በዚያው ፊውዝ የሚሠራው የፊትም የኋላም መብራት ድርግም ይላል።

ሾፌሩ ይወርዳል፤ ፊውዙን ነቅሎ ይሰድበዋል፤ ሌላ ይሰካል። ያም ይቃጠላል። ሻጩን ሌባ አለው። ሱቅ ቀየረ፤ ያኛውም ሌባ ሆነ። ወፈር ያለ ስጡኝ አለ፤ ወፍራሙም ተቃጠለ። ወደ ጣራው ግን አንድ ቀን ቀና አላለም።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው አይቶት፣ ለግማሽ ቀን ተዋት አለው። በዚህ ፊውዝ የሚሠራውን መብራት ሁሉ ልፍታና አንድ በአንድ እየመለስኩ ልይ፤ የቱ ሲገባ እንደሚያቃጥል ያኔ ይለያል አለው። ሾፌሩ ገበያ ቀን ነው ብሎ ጥሎት ሄደ። ነገሩ ገበያው አልነበረም። መጀመሪያ የሚፈታው የጣራው ጌጥ እንደሚሆን ልቡ ያውቀዋል።

የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሞልቶ ሲመለስ መብራቱ ጠፋ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ጨው ነጋዴ፣ «ልጄ፣ ሻማ ይዣለሁ፤ ወርጄ ከፊት ከፊትህ ላብራልህ?» አሉት። መኪናው ሙሉ ሳቀበት። ሳቁ አንገበገበው። ፊውዝ ደግሞ አልቆበታል። ከወንበሩ ስር ምስማር አነሳ፤ በልኩ ቆረጠና በፊውዙ ቦታ ሰካው።

መብራቱ ቦግ አለ። ተሳፋሪው እጅህ ይባረክ አለው። ምስማሩም እንደ ፊውዙ አላስቸገረም። ቢንገጫገጭ ዝም፤ ገመዱ ብረቱን ቢነካ ዝም። እንዲህ ያለ ነው እንጂ ብሎ ሾፌሩ ማፏጨት ጀመረ።

ጥቂት እንደ ሄደ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው። አፍንጫው ደህና ነው፤ ሸተተው። ተሳፋሪዎቹ ሲጠይቁት ግን ሽታው የውጭ ነው፣ መስኮቱን ዝጉት አላቸው። የራሱ ገመድ እየነደደ፣ አምኖ የተሳፈረውን ሰው መስኮት አዘጋው።

ጭሱ ከወንበሩ ስር ሲወጣ ነው የቆመው። ሰው በበሩም በመስኮቱም ተዘረገፈ። ጨው ነጋዴዋን ጎትተው ሲያወጧቸው እግራቸው ተቃጥሏል። ሚኒባሷ እዚያው ነድዳ አለቀች፤ ከእሷ ሌላ እንጀራ አልነበረውም። በማግስቱ አመዱን ሲገላብጥ ምስማሩን አገኘው። ምንም አልሆነም።

«ምን ያለው ሞኝ ነው» አለ ላቀው።

ጋሽ ጓንጉል ወደ እሱ ዞሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ሞኝ አይደለም። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። አንተም ታውቃለህ። የልጅህ የመጀመሪያ ሚስት የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አንግታ የሄደችው በአንተ ደጅ ነው። ትዕግሥት የላቸውም አልከኝ። ሚስት ተቆጥታ አባቷ ቤት የምትገባው ለምን ይመስልሃል? ሽማግሌ ተቀምጦ ምን በደለሽ እንዲላት ነው፤ ነገሩ ሳይነድ እንዲታይ ነው። ፊውዝህ እሷ ነበረች። ሦስቱም እየተቃጠሉ ቤትህን አተረፉልህ። አንተ ልጅቷን ትሰድባለህ፤ ሌላ ታመጣለህ፤ ልጅህን ግን ምን አደረግሃት ብለኸው አታውቅም። አሁን ደግሞ መሄጃ የሌላትን ለምኑልኝ ትለኛለህ። ቢሰድባት ዝም፤ ቢሰብራት ዝም። ምስማር ነው ያማረህ። እሷ ግን ሥጋ ናት፤ ላቀው። አንድ ቀን ወይ እሷ ትሞታለች፣ ወይ እሱ ይሞታል። ሽታው ሲመጣ አንተ የጎረቤት ነው ትላለህ።»

ላቀው መሬት መሬት አየ። ምን ላድርግ፣ ልጄ እኮ ነው አለ በቀስታ።

«ልጅህ ስለሆነ ነዋ አንተን የምጠይቅህ። ለሽምግልና አልሄድልህም፤ ሌላ ሰው ብትልክም ቀድሜው ደርሼ ለአክስቷ እነግራታለሁ። በል ተነስና ልጅህን ይዘኸው ና። የመጀመሪያ ሚስቱ ክንድ እንዴት እንደ ተሰበረ አንተ እየሰማህ ይንገረኝ።»