ያላየውን ያስታወሰው ደብተራ

«አንድ ሰው ነበረ፤» አሉ መሪጌታ ላቀው። ጠያቂያቸው እማዋይሽ ናት፤ ከተቃጠለ መንደር ሸሽታ በደብሩ ግቢ የተጠጋች አስተማሪ። የደረሰባችሁን ዕለት ዕለት ጻፊው ቢሏት፣ መጻፉ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ እንደሆንሁ እስክሞት አልረሳው ብላቸው ነበር።

ሰውየው ደብተራ ነው። አገሩን ድርቅ መትቶት፣ በድርቁ ላይ ሽፍታ ተነሥቶበት ሳለ፣ የዋለበትን እየጻፈ ያስቀምጥ ነበር። ብራና ከየት ይምጣ፤ በዳዊቱ ኅዳግ ላይ በቀጭኑ ይጽፋል። በዚያ ዓመት መንደሩ የቀረችውን እህል አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ አፉን አፈር አልብሶ ደብቆ ነበር። ሽፍቶቹ አንድ ቀን መጥተው፣ ሳይፈልጉ ሳይጠይቁ፣ ቀጥ ብለው ሄደው ቆፈሩት። ከዚያ በኋላ የረሀቡ ነገር አይነሣ። የደብተራውም አንዲት ልጅ ሞተች። መሞቷን ጻፈና ዳዊቱን ዘጋው፤ ያንን ኅዳግ ዳግመኛ ለማየት አንጀቱ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ዳዊት የሚደግመው በቃሉ ሆነ።

በዓመቱ ዝናብ መጣ፤ አዝመራው ደረሰ። ያን ጊዜ ጉድጓዱን ለሽፍታ ያሳየው ይውጣ ተብሎ አውጫጭኝ ተጠራ። የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይከተታል፤ በደለኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። አዝመራውን ደግሞ ወፍ እየበላው ነው፤ ሰው ሁሉ ቶሎ መሄድ ይፈልጋል።

መቼም የሚጠረጠር ሲጠፋ ቀጥቃጭ አይጠፋም። አንዱ የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ነው አለ። ሌላው ከሽፍቶቹ ጋር ሲያወራ አይቼዋለሁ አለ። ወሬ ቢነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? አገሩ ሐሳቡን ትቶ ሌላ ወሬ ጨመረበት። መሐላ የሚደፍር ግን ጠፋ። ሁሉም ወደ ደብተራው ዞረ፤ ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ወሬ ሲሰማ ከርሞ፣ ኋላ እሱም በዐይኔ አየሁት ይል ነበርና። በእርግጥም ይታየው ነበር፤ ቀጥቃጩ የቆዳ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ በደብተራው ደጅ ቁልቁል ከሽፍቶቹ ፊት ፊት ሲሄድ። የልጁን ገዳይ እንዴት ይስታል? በመሐላ ከጸናበት ቀጥቃጩ ይሰቀላል። እጁን ታስሮ ፊቱ ቆሞ ነበር።

ዳኛው «ቀኑን ተናገርና ማል» አሉት።

ቃሉ እንዲጸና ቀኑን ሊያገኝ ዳዊቱን ገለጠ። የገዛ እጅ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ልጄ ትኩሳት ስለያዛት ደጄን ዘግቼ አቅፌያት ዋልሁ። ጩኸት ሰማሁ እንጂ ወጥቼ ማንንም አላየሁም።»

ደግሞ አነበበው። ዐይኑን ሲጨፍን ቀጥቃጩ አሁንም ይታየዋል፤ ሽርጡ እንኳ አልጠፋም። ዐይኑን ሲገልጥ ቀለሙ አላየሁም ይላል። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊደል የሚለይ እሱ ብቻ ነው፤ ዳዊቱን ቢዘጋው የሚያውቅበት የለም። የሚስቱ ወንድም ጠጋ ብሎ በጆሮው «ለልጅህ ደም ማል እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?» አለው። ደብተራው ፈራ። ከሰው ሁሉ ይልቅ ራሱን ፈራ።

እጁን ከዳዊቱ ላይ አነሣና «አላየሁም። ደጄን ዘግቼ ነበር» አለ።

ቀጥቃጩ ተፈታ። ሰዉ ሜዳው ላይ ብዙ ቀን ተይዞ ቢቆይም፣ ጉድጓዱን ማን እንዳሳየ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰዉ በአንተ ምክንያት አዝመራችን ረገፈ እያለ ደብተራውን ረገመው፤ የሚስቱም ወንድም ከዚያ ወዲያ ቤቱን አልረገጠም።

መሪጌታ ወደ እማዋይሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ አልረሳም አልሽኝ። እሱስ መች ረሳ? ያላየውን አስታወሰ እንጂ። ኀዘን የሚወቅሰው ሰው ይፈልጋል፤ ጎረቤት ስም ያቀብለዋል፤ ዓመት ሲሞላው በዐይኔ አየሁ ይሆናል። አንቺም መንደራችንን ያቃጠለው እገሌ ነው ሲሉ ሰምተሻል፤ እኔም እዚሁ ግቢ ሆኜ ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ። ያየሽውን ዛሬ ጻፊው። ያላየሽውንም አላየሁም ብለሽ ጻፊ። ነገ አንድ ሰው ታስሮ ፊትሽ ይቆምና መሐላ ትጠየቂያለሽ። ያን ቀን ያንን ሰው ከአንቺ የሚያድነው የጻፍሽው ብቻ ነው።»