ቀድሞ የተመዘገበው ሽሮ

አንድ ቀን የሽሮ ባለሙያዋ እትዬ የትናየት የሰፈራቸውን ነጋዴ፣ አቶ ጉልላትን ከሰሱት። ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ የትናየት «የትናየት ሽሮ» የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዝግበው፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መስታወት አሰርተውለት ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። አቶ ጉልላት ሆዬ ደግሞ ያንኑ ስም የኢንተርኔት አድራሻ አድርጎ ለራሱ ያዘው። ሰው ስልኩ ላይ «የትናየት ሽሮ» ብሎ ጽፎ ሲያዝ የሚደርሰው የጉልላት ሽሮ ነው፤ ግማሹ ሽምብራ፣ ግማሹን እግዜር ይወቀው። ወጡ ውሃ ሆኖ ሲቀር የሚረገሙት ግን እትዬ የትናየት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የለፉበት ስም አፈር ሊበላ ሆነ። እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው የአድራሻ ክርክር የሚያዩት ዳኛ ፊት ቀረቡ።

አቶ ጉልላት መቼም ደንብ ሁሉ በቃሉ ነው። ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ አንቀጹ ‹ቀድሞ ለመጣ ይሰጣል› ይላል። እኔ ምዝገባው በተከፈተ ቀን፣ በሩ ሳይከፈት ደርሼ ተመዘገብኩ። እትዬ ያኔ ወፍጮ ቤት ነበሩ። ደንብ ማክበር ነው ጥፋቴ?»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እትዬ ዞሩ።

«ወይዘሮ የትናየት፣ እውነትም አቶ ጉልላት ቀድመውዎታል። ምን ይላሉ?»

«ቀድሞኛል ጌታዬ፣ ምን እዋሻለሁ! እሱኮ እሑድ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን ቀድሞን ነው የሚወጣው።»

«ሥራ ስላለብኝ ነው!» አለ አቶ ጉልላት ፈጠን ብሎ።

«አልተቀየምኩህም ልጄ። ሁላችንም ጫማችንን ደጅ አውልቀን ነው የምንገባው። ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ይጫማል፤ ደንብ ነው። ግን ቀድመህ ስለወጣህ የእኔን ጫማ አድርገህ ትሄዳለህ?»

ዳኛው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ አድራሻውም ለእትዬ የትናየት ተመለሰ። ችግር ላይ የወደቀው አቶ ጉልላት ነው፤ አሁን እሑድ እሑድ ቀድሞ ሊወጣ ብድግ ሲል፣ ሰው ሁሉ የራሱን ጫማ ለማየት አንገቱን ወደ በሩ ያሰግጋል አሉ።