ያየ እያለ ያላየ አይመሰክርም
በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሰው ደጅ ማስጠናት የሚወድ አቶ ደርበው የሚባል የጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ሆዱን ያመመውም ጥርሱን ያመመውም ውሎ ውሎ የሚያገኘው ያንኑ ነጭ ኪኒን ነው። ለምን ያለ ደግሞ ተራው ይዘለላል።

አንድ ቀን የሕክምናውን ጥራት የሚገመግሙ እንግዶች ከዞን መጡ። አቶ ደርበው ግቢውን አስጠረገና ከሰልፈኛው መሃል እግሯ ያበጠ አንዲት ጠላ ሻጭ መረጠ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎም፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ነገም መድኃኒት የምትለምኚው እኔን ነው። አፍሽን አሳምሪ!" አላት።

ሴትዮዋ ጨነቃት። እውነቱን ብትናገር መድኃኒቱ ይቀርባታል፤ ብትዋሽ ደግሞ የሚሰሟት ሁሉ ጎረቤቶቿ ናቸው።

እንግዶቹ ፊት ስትቀርብ ግን ድንገት አንቱ ሆነች።

"እስቲ እማማ፣ ሳይፈሩ ይመስክሩ! ከእኛ የተሻለ ሕክምና የትም አይተው ያውቃሉ?" አላት አቶ ደርበው።

"ኧረ እኔ የት አይቼ፣ ጌታዬ!" አለች እጅ ነስታ።

አቶ ደርበው ደረቱን ነፋ።

"ከዚህ ሌላ ደጅ ረግጬ አላውቅ" ብላ ቀጠለች። "እርስዎ ግን ያን ሰሞን ኩላሊትዎ ሲነሳብዎ፣ 'እዚህ ማንም እንዳይነካኝ፣ ትልቁ ሆስፒታል አድርሱኝ!' እያሉ በአምቡላንስ ሲበሩ አገር ሰምቷል። ታዲያ ጌታዬ፣ የተሻለውን ያየ እዚሁ ቆሞ ሳለ፣ ያላየ ምን ብሎ ይመስክር?"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። የእንግዶቹ መሪም ወደ አቶ ደርበው ዞሮ፣ "በሉ እንግዲህ፣ እንስማዎት" አለው።