ዳንቴል የለበሰው መብራት

አንድ ጊዜ፣ ያውም ጅብ ደጅ ቆሞ እንደ ጎረቤት «ደህና አመሻችሁ» በሚልበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀልሳ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ጓሮዋ ጎመን፣ ቆስጣና ጥቂት በቆሎ ነበረው። ውርንጭላዋ ገና የሦስት ወር ናት፤ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ገለባ ላይ ትተኛለች። ጅቡም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሚበላ ነገር የት እንዳለ ጅብ መቼ ይጠፋዋል!

ጅብ ብርሃን ይፈራልና አህያዋ ጓሮዋ መካከል በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መብራት ሰቅላ ታድር ነበር። ድንጋዩ ግን በሳምንቱ ይደክማል። አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በጥርሷ ነከስ ነከስ ታደርገዋለች፤ ሁለት ሌሊት ይሠራላትና ድርግም ይላል። ቢመርራት ገበያ ወርዳ መብራት ነጋዴዋ ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ይሄ ድንጋይ ጨረሰኝ። ሌላ ነገር የለሽም?»

«ውይ እህቴ፣ ከድንጋይ የሚሻል ምን አለ? ሲያልቅብሽ ትመጫለሽ፣ ሌላ እሰጥሻለሁ።»

የአህያዋ ዓይን ግን ሸራው ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ጥቁር መስታወት ያለው መብራት ላይ አርፏል። «እሱስ?»

«እሱማ ሶላር ነው» አለች ቀበሮዋ ቅር እያላት። «ቀን በመስታወቱ ፀሐይ ይበላል፣ ማታ ያበራል። ድንጋይ አይፈልግም።»

«በይ እሱን ስጪኝ!»

ምርጫዋ ልክ ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳትም። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጓሮው ቀን መሰለ፤ ጅቡም ከወንዙ ማዶ ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ምራቁን ሲውጥ አደረ።

ምን ያደርጋል፣ አህያዋ ዕቃ ወዳድ ናት። ያን የመሰለ መስታወት አቧራ ሲጠጣ ማየት አንጀቷን በላት። ሬዲዮዋን የምታለብሰውን ነጭ ዳንቴል አመጣችና አጥፋ ደርባ ሸፈነችው። ቀበሮዋ በዚያ ስታልፍ አየች። ምን ሊመጣ እንደሚችል ወዲያው ገባት።

«ዳንቴሉ ፀሐይ ይከለክለው ይሆን?» ስትል አህያዋ ጠየቀቻት።

«ኧረ ቀዳዳ በቀዳዳ አይደል እንዴ! ፀሐይ መንገዷን አታጣም። እጅሽ ይባረክ፣ ዕቃ እንዳንቺ ለሚይዝ ነው» አለችና ድንጋይ የምትሸጥላትን ቀን እያሰላች ሄደች።

በዚያው ማታ መብራቱ ወየበ። ጅቡ ወንዙን ተሻገረ። ከጨለማው ውስጥ ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ የአዛኝ ድምፅ።

«እመት አህያ፣ እንደምን አመሻችሁ? መብራትሽን አመመው እንዴ?»

አህያዋ ጆሮዋን አቁማ ወደ ልጇ ተጠጋች። በማግስቱ መስታወቱን ወለወለች፣ ዳንቴሉን አራግፋ መልሳ አለበሰችው። ማታ ሁለት ዓይኖች በጓሮዋ የቁልቋል አጥር ላይ ቆመው ያበሩ ነበር።

«ትናንት ጉልበቴ ይታየኝ ነበር፤ ዛሬ ጥፍሬም ጠፋኝ» አለ ጅቡ። «እንዲያው ነገሩ ይገርመኛል።» እውነቱን ነው፣ ምኑም አልገባውም። መብራቱ በደከመ ቁጥር ይጠጋል፣ ይኸው ነው።

«አያ ጅቦ፣ በፈጠረህ ሂድልኝ!»

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ። አልሄደም።

«እማዬ፣ ማነው የሚተነፍሰው?» አለች ውርንጭላዋ።

«ነፋስ ነው፣ ተኚ» አለቻት።

በነጋታው እየሮጠች ቀበሮዋ ዘንድ ደረሰች። «ሶላሩ ሞተብኝ! ድንጋይ ስጪኝ፣ ልጄን ሊበላብኝ ነው!»

«ድንጋይ አልቆብኛል፣ ነገ ይገባል። ነገ በጠዋት ነይ» አለች ቀበሮዋ። «ዳንቴሉን አንሺው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ነገ ገበያ አላት፤ ዋጠችው።

በሦስተኛው ማታ መብራቱ እንደ ከሰል ፍም ትንሽ ቀላና ጠፋ። አህያዋ ልጇን ከሆዷ ሥር አስገብታ ቆመች። ጓሮው ጭጭ አለ። የወንዙ ድምፅ እንኳ የራቀ መሰላት።

«እመት አህያ» አለ ጅቡ። ድምፁ ከአጥሩ ውጭ አልነበረም። ከጎመኑ መደብ ነበር።

ረገጠች፤ አየር መታች። ዞራ ረገጠች፤ አሁንም አየር። ከሆዷ ሥር አንድ ነገር ተነጥቆ ሲሄድ ተሰማት፤ ጮኸች፣ ጨለማው ግን ምንም አላሳያትም። ሲነጋ ገለባው ባዶ ነበር። ዳንቴሉም የለም፤ ያ ስግብግብ ሞራ መስሎት እሱንም ውጦታል።

ያን ዕለት ፀሐይ ራቁቱን የቀረውን መስታወት ስትመታው ዋለች። ሲመሽ መብራቱ ቦግ አለ። የጎመኑን ቅጠል አንድ በአንድ፣ የቁልቋሉን እሾህ፣ ገለባው ላይ የቀረውን የትንሽ ገላ ቅርጽ ሁሉ ለይቶ አሳየ። አህያዋ ከሥሩ ተንበርክካ እስኪነጋ አለቀሰች። በአጥሩ በኩል አንድም ዓይን አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ እንዲጠብቀን ያመጣነውን ዕቃ ቀን እኛው ስንጠብቀው ከዋልን፣ ማታ የሚጠብቀን እንደማይኖር ነው።