ድሪቶው የመሰከረባት ወይዘሮ

ተረት ተረት! «እራፊ ከየቤት» በሉኝ። ያላለ ይውጣ፤ በሩ ክፍት ነው።

ድሮ ድሮ፣ ሰው ሲዋሽ አንገቱን በሚደፋበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር ላቀች የምትባል ድሃ ባልቴት ነበረች አሉ። ደጋ ስላችሁ ደጋ ነው፤ ውርጩ እንስራ ውስጥ ያለውን ውሃ ያረጋዋል። ላቀች የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። የሻረግን ለእሜቴ ወርቅያንጥፉ ልጅ ዳረቻት። እሜቴ ወርቅያንጥፉ ባለ ብዙ በሬ ናት። ሲያስነጥሳት አገሩ ሁሉ «ይማርዎ» ለማለት ይሽቀዳደማል።

የሻረግ ወለደች፤ ልጁ አልበረከተም። ደግማ ወለደች፤ እሱም አልበረከተም። ሦስተኛውን አረገዘች።

በዚያ አገር ወግ አለ። ልጅ የማይበረክትላት ሴት ስትወልድ ሕፃኑ አዲስ ጨርቅ አይለብስም። አሮጊትና ሽማግሌ ካለበት ቤት እራፊ ይለመናል። እራፊው እየተቀጣጠለ ተሰፍቶ ድሪቶ ይሆናል። ሕፃኑ በዚያ ይጠቀለላል። «የሸመገለ ሰው ጨርቅ መሸምገል ያስተምራል» ይላሉ። ድሪቶውን የሰፋችው አያት ደግሞ በክርስትናው ዕለት ልጁን አልብሳ የት ቤት እንደሚያድግ ትናገራለች። ቃሏ አይታጠፍም።

እሜቴ ወርቅያንጥፉ ግን ክርስትናውን አልጠበቀችም። ገና የየሻረግን ሆድ አይታ ተናገረች።

«ልጁ የኔ ነው። እኔ ቤት ያድጋል። እናትየው ማየት ስትፈልግ ታስፈቅዳለች።»

የየሻረግ ባል ምን አለ? መሬት መሬት አየ። መሬቱም እሱን አየው። እሱና መሬቱ በዚህ ተለያዩ።

የሻረግ እናቷ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። «እማዬ፣ ሁለቱን አፈር ወሰደብኝ። ሦስተኛውን በቁሙ አማቴ ልትወስደው ነው።»

«እንባ ልጅ አያሳድግም። አፍንጫሽን ጥረጊ» አለች ላቀች። «ድሪቶውን እኔ እሰፋዋለሁ።»

ይህን እሜቴ ወርቅያንጥፉ ሰማች። ገረዷ፣ የዋህ ናት መሰለኝ፣ «እሜቴ፣ እርስዎስ ለምነው ለምን አይሰፉም?» አለቻት።

«እኔ? በሰው ደጅ ቆሜ ጨርቅ ልለምን?» አለች። ከዚያ ጎረቤቱን አስጠራች። «ለዚያች ባልቴት ለድሪቶ የሚሆን እራፊ የሰጠ፣ በሬዬን ለእርሻ አያገኝም።»

አገሩ ያለ እሷ በሬ አያርስም። 

ላቀች ነጠላዋን አጣፍታ ቄሱ ቤት ሄደች።

«አባ፣ እንስራዬ እያፈሰሰ አስቸገረኝ። መወተፊያ እራፊ ይስጡኝ።»

«ለድሪቶ አይደለም?»

«ለእንስራ ነው።»

«ለእንስራ ከሆነስ» አሉና ካረጀ ጥምጥማቸው ቀደው ሰጧት።

አያ ጓንጉል ቤት ሄደች። አያ ጓንጉል ሚስቱ ሞታ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው።

«አያ ጓንጉል፣ እንስራዬ እያፈሰሰ አስቸገረኝ። መወተፊያ እራፊ ስጠኝ።»

«የአባን ጥምጥም ያስቀደደው እንስራ?»

«ያው።»

«ስንት ቀዳዳ ቢኖረው ነው?»

«ካንተ ሱሪ ያንሳል።»

አያ ጓንጉል ሱሪውን አየ። ልክ ነበረች። ከመቀመጫው ቀዶ ሰጣት።

የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹሙ ቤት ሄደች። እሱ የለም፤ ሚስቱ እትዬ አንጓች አለች።

«እትዬ አንጓች፣ እንስራዬ…»

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ» ብላ የባሏን አሮጌ እጀ ጠባብ ሸርክታ ሰጠቻት።

እንዲህ እያለች ቤት ለቤት ዞረች። አገሩ ሁሉ እንስራው እንደማያፈስ ያውቃል። አገሩ ሁሉ ለእንስራው ሰጠ።

እሜቴ ወርቅያንጥፉ ይህንንም ሰማች። «መርፌሽን አውሺኝ» ብላ ላከች። በዚያ አገር መርፌ ለሚዋስ አይከለከልም። ላቀች ሰጠች። መርፌው ሄደ፤ ሳይመለስ ቀረ።

ላቀች ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ አነሳች። በወስፌው ትበሳለች፤ ራሷ የፈተለችውን ክር በምራቋ አሹላ በቀዳዳው ታሳልፋለች። ትበሳለች፤ ታሳልፋለች። መሃሉን ባዘቶ ሞላችው። ስፌቱ እንደ ዶሮ ዱካ ተንጋደደ። ድሪቶው ግን ሞቀ። ሕፃን የሚበርደው ስፌቱ ስለተንጋደደ አይደለም።

የሻረግ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው ሲቃረብ ላቀች ድሪቶውን አጥባ አጥር ላይ አሰጣችው። ጓዳ ገብታ ስትመለስ አጥሩ አለ። ድሪቶው የለም።

የክርስትናው ቀን አገሩ ሁሉ ደጀ ሰላም ተሰበሰበ። እሜቴ ወርቅያንጥፉ ሕፃኑን ከእናቱ እቅፍ ወስዳ፣ አንገቷን አቅንታ መጣች። ሕፃኑ በድሪቶው ተጠቅልሏል።

«የእናቴ ድሪቶ ነው!» ብላ የሻረግ ጮኸች።

«ሰርቄ ነዋ እንግዲህ!» አለች እሜቴ። «እኔ ሰፋሁት። ልጁም እኔ ቤት ያድጋል።»

ጭቃ ሹሙ ሊዳኝ ደጀ ሰላሙ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። እሱም የሚያርሰው በእሜቴ በሬ ነው። ስለዚህ በጣም በትሕትና ጠየቀ።

«እሜቴ፣ እራፊውን ከየት ለመኑት?»

እዚህ ላይ «ከጎረቤት ለመንኩ» ብትል ማን ይነካታል? ግን ኩራት አለ።

«እኔ አልለምንም! የማንም ደጅ አልቆምኩም። እያንዳንዷ እራፊ ከገዛ ቤቴ የተገኘች ናት።»

ጭቃ ሹሙ ወደ ላቀች ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«የሳቸው ነው» አለች ላቀች።

«እማዬ!» አለች የሻረግ።

«ዝም በይ። እሜቴ አይዋሹም። ሁሉም ከቤታቸው የተገኘ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።» ጠጋ ብላ የድሪቶውን ጫፍ ገለጠች። «ይቺ ነጯ የአባ ጥምጥም ናት። የአባ ጥምጥም እሜቴ ቤት ምን ሆና ወለቀች?»

ቄሱ መስቀላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሕዝቡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቺ የአያ ጓንጉል ሱሪ ናት። የመቀመጫው። አያ ጓንጉል ሱሪውን እሜቴ ቤት ትቶ ምን ለብሶ ሄደ?»

«ኧረ እኔ…» አለ አያ ጓንጉል። ከዚያ አሰብ አደረገና ጢሙን አስተካከለ። «እኔ ምንም አልናገርም።»

«ይቺን ደግሞ ጭቃ ሹሙ ሳያውቋት አይቀሩም» አለች ላቀች።

ጭቃ ሹሙ የእጀ ጠባቡን እራፊ አየ። እትዬ አንጓች ጭቃ ሹሙን አየች። እራፊዋን በገዛ እጇ እንደሰጠች ታውቃለች። ግን እንዲህ ያለ ቀን በየጊዜው አይገኝም።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ያ እጀ ጠባብህ የት ገባ?»

ጭቃ ሹሙን ላብ አጠመቀው። በዚያ ውርጭ።

«እሜቴ ይናገሩ እንጂ! እኔ ቤትዎ መቼ መጣሁ? መቼ አወለቅሁ?»

እሜቴ ወርቅያንጥፉ ቄሱን አየች። ጓንጉልን አየች፤ ጓንጉል ጥቅሻ ቢጤ አደረገ። ይሄኔ አልቻለችም።

«ሰርቄ ነው!» አለች። «ከአጥሯ ላይ ሰርቄ ነው! እኔ ቤት የማንም ሱሪ ወልቆ አያውቅም!»

ጭቃ ሹሙ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ፈርዶ አያውቅም። ድሪቶው ለላቀች፤ ቃሉም የላቀች። ላቀች ልጁን ተቀብላ፣ ድሪቶውን አስተካክላ፣ የሻረግ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

«እዚህ ያድጋል» አለች። ወደ እሜቴም ዞረች። «መርፌዬስ?»

እሜቴ ወርቅያንጥፉ ተፈረደባት። ለሚቀጥለው የልጅ ልጇ ድሪቶ እራፊውን ራሷ በየደጁ እየቆመች እንድትለምን። ለመነች። በየደረሰችበት ቤት «ለድሪቶ ነው ለእንስራ?» እያሉ ይጠይቋታል።

ልጁ በረከተ። አደገ። አገባ። ሸመገለ። ሲሸመግል አንዲት ባልቴት ደጁ መጥታ «እንስራዬ እያፈሰሰ አስቸገረኝ» አለችው። አንድም ቃል ሳይጠይቅ ሱሪውን ቀደደላት።

«ለልመና ያፈረ፣ ለስርቆት ደፈረ» የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ክሬን በጥርሴ በጠስኩ። የቀረችኝ ጥርስ ለዚሁ ናት።