በጉም ውስጥ የተቆጠረ ሽምብራ

አንድ ንጉሥ ጉም በማይለየው አገር ይገዙ ነበር። አገሩን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ምሥራቅ ዳርና ምዕራብ ዳር የሚገናኙት በአንድ የእንጨት ድልድይ ብቻ ነው። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ ተሻጋሪው የገዛ እግሩን አያይም። እየሄደ ይሁን እያለመ ሳያውቀው ማዶ ይደርሳል።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። በግብር ቀን አሳላፊዎቹ ለምሥራቅ ዳር ሰው ጠጅ፣ ለምዕራብ ዳር ሰው ጠላ ይቀዳሉ። ማን እንደ ጀመረው እንጃ! ሁሉም ግን «የምሥራቅ ሰው ጠጅ ወዳድ፣ የምዕራብ ሰው ጠላ ወዳድ ነው፤ በደማቸው ያለ ነው» ይላል።

አንድ ጊዜ ግብር ላይ ከሁለቱ ዳር የመጡ ጠጪዎች ተደባደቡ። ንጉሡም ተቆጥተው «ፍላጎታቸው ለማይገጥም ሰዎች ድልድይ ምን ያደርግላቸዋል? ቅዳሜ ይፍረስ!» ብለው አወጁ።

ምዕራብ ዳር የሚኖሩት የቤተ መንግሥቱ ጠጅ ጣይ እመት ድንቄ ክው አሉ። አንድያ ልጃቸው ምሥራቅ ዳር አግብታ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። ድልድዩ ከፈረሰ ገንፎውን ማን ያገነፋላታል? እያለቀሱ ንጉሡ ፊት ቀረቡ።

«ጃንሆይ፣ ሠላሳ ዓመት ስጥል ማን ምን እንደሚወድ የጠየቀ ሰው አላየሁም።»

«ምን ይጠየቃል? ሲጠጡ እናያለን እኮ!»

«የሚጠጡት የተቀዳላቸውን ነዋ! እስቲ ይጠየቁ።»

ንጉሡ እሺ አሉ። ከየዳሩ መቶ መቶ ሰው ተጠራ። አንድ በአንድ ወደ ጉሙ እየገቡ ሁለቱንም ቀመሱ። ጠጅ የወደደ ሽምብራ፣ ጠላ የወደደ ባቄላ በየዳሩ ዘንቢል ጣለ። ማንም ማንንም አላየም፤ የሚሰማው የፍሬው ኮሽታ ብቻ ነበር።

ሲቆጠር ከምሥራቅ ዘንቢል አምሳ ስምንት ሽምብራ፣ ከምዕራብ አምሳ ሦስት ተገኘ።

«ይኸው! በአምስት ይበልጣሉ፤ ይፍረስ!» አሉ ንጉሡ።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ አፌ ይተሳሰር ነበር። እመት ድንቄ ግን ሁለቱን ዘንቢል አንድ ላይ ገለበጡት። ዓይናቸውን ጨፍነው አማሰሉና መቶ መቶ አድርገው እንደገና ከፈሉት። የሽምብራው ልዩነት ሰባት ሆነ። ደግመው አማሰሉ፤ ሦስት። ደግመው፤ ዘጠኝ።

«አሁን የቱ ምሥራቅ፣ የቱ ምዕራብ ነው ጃንሆይ? ዝም ብሎ የተከፈለ እህል እንኳ ይህን ያህል ይለያያል። በአምስት ሽምብራ ልጄን ይነጥቁኛል?»

ንጉሡ ፍሬውን በጣታቸው ነካኩት።

«እኔም የምሥራቅ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «ጠጅ አልወድም። ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ እንዳማረኝ ኖርኩ።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቁም?»

«የምሥራቅ ሰው ነኛ!»

አዋጁ ተሻረ። እመት ድንቄ በማግስቱ በጉሙ ውስጥ ተሻግረው የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ተቀበሉ።

ወዳጆቼ፣ በሁለት ወገን መካከል ልዩነት አየን ማለት ልዩነቱ ከወገናቸው መጣ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ያስለመድናቸው ነው፤ አንዳንዱም እንዲሁ አጋጣሚ ነው። ሳናጣራ የምናፈርሰው ድልድይ ግን የአንዲት እናት መንገድ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ያላችሁት ለመጨረሻ ጊዜ ስለ እነማን ነበር? ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?