የጥንቸል ያልተሰማ መልእክት

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ተረት አለኝ። ድሮ፣ እንስሳም ድንጋይም በሚያወራበት ዘመን፣ ሽኮኮዎች ወንዝ ዳር ዋሻ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ዋሻው ከላይና ከታች ሽኮኮ ብቻ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች አሉት፤ በሩ ደግሞ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ አባ በር ይሉታል። አባ በር «ማነህ? ከየት መጣህ? ማን ያውቅሃል?» ብሎ ሳይጠይቅ የማንንም መልእክት ወደ ውስጥ አያሳልፍም።

መልእክተኛዋ ጥንቸል ግን ወዳጅ ናት። ስለዚህ አባ በር የምስጢር ቃል ሰጣት። «ስትመጪ ‹እንክርዳድ› በይኝ፤ ሳልጠይቅሽ መልእክትሽን አሳልፋለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ ጥንቸል እየሮጠች መጥታ ቃሉንም መልእክቱንም ባንድ ትንፋሽ ትናገር ጀመር።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቆ ሰማት። እሷ ስትሄድ ድምፁን አቅጥኖ «እንክርዳድ! ልጆቹን ወደ ውጭ ስደዱ!» አለ። ግልገሎቹ ሊወጡ ሲሉ እናት ሽኮኮ የጅብ ሽታ ሸቷት መለሰቻቸው። አባ በርም ደንግጦ ቃሉን ያኔውኑ ሻረው።

ጥንቸል ይህን አላወቀችም። ወንዙ ሲሞላ ከተራራው እየበረረች መጣች። «እንክርዳድ! ጎርፍ መጣ! በታችኛው ቀዳዳ ወጥታችሁ ወደ መስኩ ሽሹ!» አለችና ልትመለስ ዞረች።

«ቆይ!» አላት አባ በር። «ቃሉ ተሽሯል። ያልሽውን አላሳለፍኩም፤ ጥዬዋለሁ።»

«እንዴት ትጥለዋለህ? ተናገርኩ እኮ!»

«አንቺ ተናገርሽ፤ እነሱ አልሰሙም። እንደ አዲስ ልወቅሽ።»

«ጎርፍ እየመጣ ማንነቴን ትጠይቀኛለህ?»

«ጅቡም እንዳንቺ ቸኩሎ ነበር።»

ጥንቸል ተናደደች፤ ጥላው ልትሄድ ቃጣት። ከውስጥ ግን ግልገሎች ሲሳሳቁ ሰማች፤ እግሯ እምቢ አለ።

«ማነሽ?»

«ጥንቸል ነኝ።»

«ከየት መጣሽ?»

«ከተራራው።»

«ማን ያውቅሻል?»

«እናት ሽኮኮ ታውቀኛለች።»

አባ በር ይህችን ቃል ብቻ ወደ ውስጥ አሳለፈ፤ እናት ሽኮኮም ከውስጥ «አዎ፣ ድምጿ ነው» አለች።

«በይ አሁን ተናገሪ» አላት አባ በር።

ጥንቸል የቀድሞውን ልትደግም አፏን ከፍታ ወደ መስኩ ዞር አለች። መስኩ ውሃ ሆኗል። «በታች እንዳትወጡ!» ብላ ጮኸች። «በላይኛው ቀዳዳ ወደ ገደሉ አናት ውጡ!»

አባ በር መልእክቱን አሳለፈ፤ «ሰምተዋል» ብሎም መለሰላት። ሽኮኮዎቹ ግልገሎቻቸውን ከኋላ እየገፉ ወጡ። ውሃው ዋሻውን ሞላው፤ አንድም ሽኮኮ ግን አልወሰደም።

ጥንቸል ገደሉ አናት ላይ ከእናት ሽኮኮ ጎን ተቀመጠች። «የፊተኛውን ሰምታችሁኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔው ነበርኩ የምጨርሳችሁ» አለች።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ተናገርኩ ብላችሁ ተሰማሁ አትበሉ፤ ያልተሰማውን ስትደግሙም ጊዜውን አይታችሁ ድገሙ። የኔ ይብቃ፤ የናንተን አምጡ።